«ሙሉ የላቫጆ ፓኬጅ» ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት

ጎበዝ፣ ሰሞኑን ቴሌግራም ወይም ቲክቶክ የከፈተ ሰው ይቺን ማስታወቂያ ሳያያት አልቀረም። «ሙሉ የላቫጆ ፓኬጅ! ዛሬ ይግዙ፣ ነገ ሥራ ይጀምሩ!» ፕሬዠር ማሽን (ውሃ በኃይል የሚረጨው) አለው፣ ቫኪዩም አለው፣ የፎም ጋን፣ 20 ሜትር የውሃ ጎማ፣ ሻምፖ፣ የአንድ ቀን ሥልጠና። ላዩ ላይ ደግሞ «ደንበኛ እኛ እናገናኛለን» ትላለች። ግማሹን ቀብድ ትከፍላላችሁ፣ ቀሪውን ዕቃው ሲደርስ። ትንሽ ካመነታችሁ «ዶላር ሊጨምር ነው፣ በዚህ ዋጋ የቀረን ትንሽ ነው» ይመጣል። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የገቢ ዕቃ ዋጋ ምን እንደሆነ ሁላችንም ስላየን ይቺ ወሬ ቶሎ ታስደነግጣለች።

እኔ ዲናሞ እጠቀልላለሁ፣ ፓምፕም እፈታለሁ። ማሽኑ ሲገዛ ማንም አያማክረኝም። ሲቃጠል ግን ባጃጅ ላይ ተጭኖ እኔ ደጅ ነው የሚወርደው። ስለዚህ የምነግራችሁ ሆዱን ከፍቼ ያየሁትን ነው።

በቅርቡ የመጡትን ሁለት ልጆች ላንሳ። ጓደኛሞች ናቸው፣ አንዱ የዕቁብ ብሩን፣ አንዱ ከእህቱ የተበደረውን አዋጥተው ፓኬጁን ገዙ። ማሽኑ ሥራ ከጀመረ ወር ሳይሞላው ሸተተና ቆመ። ጎኑ ላይ ያለው ስቲከር «250 ባር፣ በደቂቃ 12 ሊትር፣ 3000 ዋት» ይላል፤ ባር ማለት የውሃው ግፊት መለኪያ ነው። ከዛ በትልቁ «ንጹህ መዳብ» ተብሎ ተጽፏል። ፈታሁት። ጥቅሉ መልኩ ቀይ ነው፣ ሲያዩት መዳብ ነው። አንዷን ሽቦ በምላጭ ፋቅ ሳደርጋት ግን ውስጧ ነጭ ወጣ። አሉሚኒየም ነው፣ ላዩን ብቻ ነው መዳብ ያስመሰሉት። አሉሚኒየም በራሱ ኃጢአት የለበትም፤ ግን ያንኑ ኃይል ለመሸከም ከመዳብ ወፈር ማለት አለበት፣ እነሱ ደግሞ ቀጭኑን ነው የጠቀለሉት። ቀኑን ሙሉ መኪና የሚያጥብ ማሽን እንዲህ ባለ ጥቅል አይዘልቅም።

ልጆቹ ዋስትና አለን ብለው ወረቀቱን አወጡ። «የ1 ዓመት ዋስትና» ይላል። ከታች በትንሹ «ዋስትናው ዲናሞን፣ ፓምፕን፣ የውሃ ጎማንና የውሃ ሽጉጥን አይጨምርም» ተብሎ ተጽፏል። እንግዲህ ምን ቀረ? እጀታውና የሚገፋባቸው ሁለቱ ተሽከርካሪ እግሮቹ ናቸው።

አሁን ወደ ስቲከሩ ልመለስ፣ ምክንያቱም ሳትፈቱት፣ ገና ሱቅ ውስጥ ቆማችሁ ውሸቱን ማወቅ ትችላላችሁ። የስልካችሁን ካልኩሌተር አውጡ። ባሩን በደቂቃ በሚያወጣው ሊትር አባዙት፣ ለ600 አካፍሉት። የሚመጣው ቁጥር ውሃው ይዞት የሚወጣው ኃይል ነው፣ በኪሎዋት። የልጆቹ ማሽን 250 ሲባዛ በ12፣ ለ600 ሲካፈል 5 ኪሎዋት ይመጣል። ዲናሞው ግን 3 ኪሎዋት ነው በራሳቸው አፍ። 3 ገብቶ 5 የሚወጣበት ማሽን በዓለም ላይ የለም። እንደውም ዲናሞውም ፓምፑም የሚያባክኑት ስላለ፣ 3 ኪሎዋት ገብቶ ውሃው ላይ 2 ከምናምን ቢወጣ ነው። ይህ ማለት ወደ 120 ባር በ11 ሊትር አካባቢ። ደግሞ ልብ በሉ፣ ተራ ሶኬት ላይ የሚሰካ ማሽን፣ ሶኬቱ 16 አምፒር ከሆነ፣ በ220 ቮልት ከ3.5 ኪሎዋት በላይ መሳብ አይችልም። ስለዚህ ቤት ሶኬት ላይ ሰክታችሁ 300 ባር በ15 ሊትር ታገኛላችሁ ያላችሁ ሰው ወይ አያውቅም ወይ ያውቃል። ሁለተኛው ይብሳል።

ሌላው ተንኮል ባሩ ሁልጊዜ ትልቁ ቁጥር መሆኑ ነው። «ማክስ» የሚባለው ማሽኑ ለአፍታ የሚደርስበት ጣሪያ ነው። ቀኑን ሙሉ የሚሠራበት ከዛ ዝቅ ያለ ነው፣ እሱን ስትጠይቁ ሻጩ ወሬ ይቀይራል። ደግሞ ለመኪና ማን 250 ባር ጠየቀ? ከ100 እስከ 130 ባር ለመኪና ይበቃል። ከዛ በላይ ሆኖ አፈሙዙን ካስጠጋችሁት ቀለም ያነሳል፣ ጎማ ይጎዳል። ላቫጆ ላይ ጊዜ የሚቆጥብላችሁ የሊትሩ መጠን ነው። ጭቃውን አጥቦ የሚወስደው ውሃው ነው።

ሊትሩን ለመፈተን ባለ 20 ጀሪካን ይዛችሁ ሂዱ። አትፈሩ፣ ሊስቁባችሁ ይችላሉ፣ ይሳቁ። ማሽኑ ይነሳ፣ ሽጉጡን ተጭናችሁ ጀሪካኑን ሙሉ፣ ስልካችሁ ላይ ሰዓት ያዙ። ውሃው እየተረጨ ካስቸገራችሁ የፎሙን ወይም ሰፊውን አፈሙዝ አድርጉ። በደቂቃ 12 ሊትር ነው ያሏችሁ ማሽን ጀሪካኑን በ1 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ መሙላት አለበት። 3 ደቂቃ ካለፈው በደቂቃ 6 ሊትር አካባቢ ነው፣ ግማሹን ነው የሸጡላችሁ። «ማሳየት አንችልም፣ እዚህ ውሃ የለም» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ መልሱን አግኝታችኋል፣ ውጡ።

ድምፁንም ስሙ። ሲነሳ እንደ ድሪል የሚጮህና ክብደቱ የሚቀል ከሆነ ካርቦን (እየተፋተገ የሚያልቅ የከሰል ቁራጭ) ያለው ዲናሞ ነው። እሱ ሰው ግቢው ውስጥ በሳምንት አንዴ የራሱን መኪና እንዲያጥብበት የተሠራ ነው። ለዚያ ጥሩ ነው። ለንግድ የሚሆነው ካርቦን የሌለው፣ ከበድ ያለ፣ ድምፁ ጉም ጉም የሚል ነው። የፓምፑን ራስም እዩት፣ ቢጫ ቀለም የተቀባ አሉሚኒየም ናስ ነው ተብሎ ሲሸጥ በዓይኔ አይቻለሁ። ከታች በኩል በማይታይ ቦታ በቁልፍ ጫር አድርጉት፣ ነጭ ከወጣ ናስ አይደለም።

ያገለገለ ማሽን እንግዛ ለምትሉ እኔ አልቃወምም። በደህና ሰው እጅ የነበረ አሮጌ ማሽን ከአዲሱ የስቲከር ጀግና ብዙ ጊዜ ይሻላል። የፓምፑን ዘይት ብቻ ክፈቱና እዩ። ነጣ ብሎ ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል፣ ሲል የሚባለው፣ ውሃ እንዳያልፍ የሚያግደው ላስቲክ፣ አልቋል ማለት ነው። ዋጋ አስቀንሱ ወይ ተዉት።

እሺ፣ ማሽኑ ደህና ነው እንበል። ፓኬጁ አሁንም መጥፎ ስምምነት ነው የምለው ለምንድን ነው? ላቫጆ ላይ ከባዱ ወጪ ማሽኑ ስላልሆነ ነው። ቦታ፣ ውሃና መብራት ነው። ፓኬጁ ውስጥ ሦስቱም የሉም።

ውሃውን እንይ። በደቂቃ 10 ሊትር የሚያወጣ ማሽን ሽጉጡ ተጭኖ ለ1 ሰዓት ቢሠራ 600 ሊትር ይጨርሳል። ባለ 2000 ሮቶ ከ3 ሰዓት ብዙም አያልፍም። አዲስ አበባ ውሃ በፈረቃ ነው፣ ሰፈሩን ታውቁታላችሁ፣ ባልመጣበት ቀን ቦቴ ልታስመጡ ነው። የቦቴውን ዋጋ ለምታጥቡት መኪና አካፍላችሁት ታውቃላችሁ? ማስታወቂያው ላይ ያለው «የቀን ገቢ» ስሌት ውስጥ ውሃ የሚባል ነገር የለም፣ ከሰማይ የሚወርድ ይመስላል። ሮቶው ደግሞ ከፍ ብሎ ካልተቀመጠ ወይም ቱቦው ከጠበበ ፓምፑ አየር ይስባል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ሲሉን ይበላል። ማጣሪያም አድርጉበት፣ ሮቶ ታች የሚቀመጠው አሸዋ ፓምፕ ገዳይ ነው።

መብራት ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። አንዳንዱ ፓኬጅ ውስጥ ያለው ማሽን ትሪ ፌዝ ነው፣ በተራው የቤት መብራት (ሲንግል ፌዝ) ሳይሆን በሦስት መስመር መብራት የሚሠራ። ልጆቹ ይገዙታል፣ ቤት ያደርሱታል፣ ሶኬቱ አይገጥምም። ትሪ ፌዝ ቆጣሪ ማስገባት ራሱን የቻለ ወጪና ጥበቃ ነው፣ እስኪገባ ኪራይ ትከፍላላችሁ። ሲንግል ፌዝ ከሆነም ከጎረቤት ሱቅ በቀጭን ኤክስቴንሽን ስቦ መሥራት የተለመደ ነው፣ አውቃለሁ። ሽቦው ሲረዝምና ሲቀጥን ዲናሞው ጋ የሚደርሰው ቮልት ይወርዳል፣ ዲናሞው የጎደለውን በአምፒር ለማካካስ ይስባል፣ ይግላል፣ ከዛ እኔ ጋ ይመጣል። ቢያንስ ባለ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር የመዳብ ሽቦ ይሁን። ኧርዙ (ወደ መሬት የሚሄደው የመከላከያ ሽቦ) ደግሞ የተቆረጠ እንዳይሆን። እርጥብ ወለል ላይ፣ ጫማችሁ ውስጥ ውሃ ገብቶ ነው የምትቆሙት፣ በዚህ ቀልድ የለም።

ቦታ ላይ አጭር ልበል። መንገድ ዳር ማጠብ ድሮ ቀረ። በኮሪደር ልማት ብዙ ላቫጆ ከቦታው ተነስቷል፣ ፍሳሽን ወደ መንገድ ወይ ወደ ወንዝ መልቀቅም ያስቀጣል። ቦታ ከመከራየታችሁ በፊት ፍሳሹ የት ነው የሚገባው ብላችሁ ጠይቁ። አከራዩ «እሱ ችግር የለውም» ካለ ችግር አለው።

«ደንበኛ እናገናኛለን» የሚባለውን ልጆቹን ጠየቅኳቸው። አንድ የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ አስገቧቸው። ግሩፑ ውስጥ ያሉት እንደነሱ ፓኬጅ የገዙ ሌሎች ልጆች ናቸው። ሁሉም ደንበኛ ይጠብቃል። ሆቴልና ሕንፃ ማጠብ ትሠራላችሁ የተባለውም ያው ነው፣ የማንም ስልክ አልመጣም።

ሥልጠናው ደግሞ እኔን ያናደደኝ እሱ ነው። ቪዲዮውን አሳዩኝ። አሠልጣኙ ሥራ ሲጨርስ በፕሬዠሩ የእግሩን ጭቃ ያጥባል፣ ልጆቹም ይስቃሉ። ወገን፣ ይሄ ውሃ ቆዳ ይበሳል። ጣት ላይ ወይ እግር ላይ ከተወጋችሁ ከላይ የሚታየው የመርፌ ቀዳዳ የምታክል ነች፣ ደምም ላይኖረው ይችላል፤ ውስጡ ግን ውሃውም ቆሻሻውም ሥጋ ውስጥ ይገባል። «ትንሽ ነች» ብሎ ፕላስተር ለጥፎ ሥራ መቀጠል ጣት ያስቆርጣል። ወዲያው ሆስፒታል ሄዳችሁ በፕሬዠር ማሽን ነው የተወጋሁት ብላችሁ መናገር አለባችሁ። ቦቲ ጫማና መነጽር ፓኬጁ ውስጥ አልነበረም፣ አየር ማደሻ ሽቶ ግን ነበር።

ሞተር እጥበትም አሠልጥነዋቸዋል። ሞተር ላይ በሙሉ ኃይል መርጨት! የዘመኑ መኪና ሴንሰሩና ኮምፒውተሩ ውስጥ ውሃ ገብቶ ባይነሳ ከፋዩ ማን ነው? ደንበኛው ወደ ሻጩ አይሄድም፣ እናንተን ነው የሚይዘው። ምንጣፍም እንደዚሁ፣ ከጀርባው በማስቲሽ የተጣበቀውን በቅርብ ከረጫችሁት ይላቀቃል።

ለመግዛት የቆረጠ ሰው ቅደም ተከተሉን ይገልብጥ። መጀመሪያ ቦታውን ያዙ፣ ውሃው በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ የግቢውን ጎረቤት ጠይቁ፣ ቆጣሪውን እዩ። ማሽኑ መጨረሻ ይምጣ። ዕቃውንም ለየብቻ ግዙት፣ መርካቶ ዞር ዞር ብላችሁ ቫኪዩሙንና ጎማውን ብትጠይቁ ፓኬጁ ላይ ስንት እንደተጫነባችሁ ታዩታላችሁ። ስትሄዱ ዲናሞ የሚያውቅ ሰው ይዛችሁ ሂዱ፣ የሻይ ብትሰጡት ይበቃዋል።

ማሽኑ መጨረሻ ይምጣ ያልኩበት አንድ ተጨማሪ ምክንያት አለኝ። በሸማቾች ጥበቃ አዋጅ 813/2006 ላይ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በገዛ በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይ ብሩ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። ማሽኑን ገዝታችሁ ቦታ እስክታገኙ አልጋ ሥር ካስቀመጣችሁት 15 ቀኑ ሳትነኩት ያልቃል። ሁለቱ ልጆች የደረሰባቸው ይሄ ነው። ዕቃውን ተቀብለው ቦታ ሲፈልጉ ወር ገደማ ሄደ፣ ሲቃጠል «ጊዜው አልፏል» ተባሉ። ስለዚህ በገዛችሁ ቀን አስነሱት፣ በነጋታውም ሽጉጡን ያዝ ለቀቅ እያደረጋችሁ ደህና አድርጋችሁ አሠሩት።

ደረሰኝ ላይ ደግሞ «የጽዳት ዕቃ 1» ብለው ጽፈው እንዳይሸኟችሁ። የማሽኑ ሞዴል፣ ዋቱ፣ ባሩ፣ ሊትሩ፣ «የመዳብ ጥቅል» የሚለውም ሳይቀር ይጻፍ። ቀብድ የከፈላችሁበትን የባንክ ወረቀትና የቴሌግራም ምልልሱን ስክሪንሾት አድርጋችሁ ያዙ፣ ሻጮቹ መልእክት ለሁለቱም ወገን ማጥፋት ይችሉበታል። አስቀድማችሁ ከፍላችሁ ዕቃው ያልመጣላችሁ ካላችሁ ይህንኑ ይዛችሁ የክፍለ ከተማችሁ ንግድ ጽሕፈት ቤት ሂዱ፤ ብቻችሁን ከምትሄዱ ግሩፑ ውስጥ ያሉትን ሌሎቹን ገዢዎች አስተባብራችሁ አብራችሁ ሂዱ።