ዕለታዊ በጀት ወይስ የጠቅላላ ጊዜ በጀት?

በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ በለገጣፎም ሆነ በሰበታ፣ ሶፋና ቁም ሣጥን እየሠራ በፌስቡክ ለሚያስተዋውቅ ባለሙያ የመጀመሪያው ውሳኔ የማስታወቂያውን ገንዘብ በየቀኑ መመደብ ወይስ ለዘመቻው በሙሉ አንድ ጊዜ መቁረጥ የሚለው ነው።

ዕለታዊ በጀትን ብዙዎች የማይታለፍ ጣሪያ አድርገው ያዩታል፤ ስሕተቱም እዚህ ላይ ነው። በጀቱ አማካይ ስለሆነ፣ የፌስቡክ ሥርዓት ጥሩ ዕድል አለ ብሎ በገመተበት ቀን ከዕለቱ በጀት እስከ 75 በመቶ አስበልጦ ሊያወጣ ይችላል፤ በሳምንት ግን ከዕለቱ በጀት 7 እጥፍ አይበልጥም። ስለዚህ በቀን 4 ዶላር የመደበ ሰው አንድ ቀን 7 ዶላር ቢወጣበት መደንገጥ የለበትም፤ የሳምንቱ ድምር ከ28 ዶላር አያልፍም። ክፍያው በዶላር ከሆነ ደግሞ፣ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ ስለሚወሰን፣ ወጪውን በብር ደጋግሞ ማስላት ያስፈልጋል።

የጠቅላላ ጊዜ በጀት በአንጻሩ ከመነሻ እስከ ማብቂያ ቀን የሚወጣውን ድምር ይገድባል፤ ማስታወቂያው የሚታይባቸውን ሰዓታት መምረጥም ያስችላል። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ለሚሠራና ለደንበኞች መልስ የሚሰጠው ማታ ብቻ ለሆነ ሰው ይህ ትልቅ ጥቅም ነው፤ መልስ ያጣ ጠያቂ ወደ ሌላ ሻጭ ይሄዳልና።

እኔ ዓመቱን ሙሉ ትዕዛዝ ለሚቀበል ዕለታዊውን፣ ለእንቁጣጣሽ ወይም ለፋሲካ ገበያ ብቻ ለሚያስተዋውቅ ጠቅላላውን እመርጣለሁ። በሁለቱም ግን በጀቱን በየቀኑ ከመነካካት መቆጠብ ይገባል፤ ጉልህ ለውጥ፣ ሥርዓቱ ማስታወቂያውን ለማን ማሳየት እንደሚሻል የሚማርበትን ሂደት እንደገና ሊያስጀምረው ይችላል።