ሃይድሮሊክ ታፔት፦ አሮጌውን ማጽዳት ወይስ በአዲስ መተካት?

ሃይድሮሊክ ታፔት በካምሻፍቱ (ቫልቮችን በሚያስከፍተው ዘንግ) እና በቫልቩ መካከል ሆኖ ክፍተቱን በዘይት ግፊት የሚሞላ ክፍል ነው። የቆየ ሞተር ላይ የቫልቭ ኳኳታ ሲሰማ፣ አስቀድሞ የዘይት ግፊቱ ከተለካ በኋላ፣ ሁለት ምርጫዎች ይቀርባሉ።

ማጽዳት ወጪው አነስተኛ ነው፤ ሆኖም የውስጥ ክፍሎቹ እርስ በርስ በልክ የተጣጣሙ ስለሆኑ የአንዱን ከሌላው ማቀላቀል አይገባም፤ እያንዳንዱ ታፔትም ወደ ነበረበት ቦታ ካልተመለሰ ካምሻፍቱ ሊበላ ይችላል።

መተካት ውድ ቢሆንም ያረጀውን የውስጥ ክፍል ያስወግዳል። ታፔቱ ሮለር (ካምሻፍቱ ላይ የሚንከባለል ትንሽ ጎማ) የሌለው ከሆነ ግን፣ አዲሱን በተበላ ካምሻፍት ላይ መግጠም ገንዘብ ማባከን በመሆኑ፣ ሁለቱ አብረው ይቀየራሉ፤ የሚነካኩበት ገጽ የመገጣጠሚያ ቅባት ይቀባል፤ ሞተሩም እንደተነሳ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ በሚሠራበት ዝቅተኛ ዙር) ሳይቆይ፣ በደቂቃ ከ2000 ዙር በላይ ለ20 ደቂቃ ያህል ይሠራል። ይህ ደረጃ በችኮላ ሲዘለል ማየት በእውነት ያሳዝነኛል፤ አዲሱ ካምሻፍት በዚያው ሊበላሽ ይችላልና።

ግርጌው (ካምሻፍቱን የሚነካው ገጽ) ለስላሳ ሆኖ ቆሻሻ ብቻ ለዘጋው ታፔት ማጽዳት ይበቃል፤ ለተሰረጎደው ወይም ለተቦረቦረው መተካት ይሻላል።