«ከተባይ የጸዳ» ተብሎ የተሸጠልኝ ሕያው ድንጋይ፦ ድስት ውስጥ ከመክተታችሁ በፊት አንብቡ

የጨዋማ ውሃ አኳሪየም (የባሕር ዓሣ ማቆያ ገንዳ) ያላችሁ ወይም ለመጀመር የምታስቡ ወገኖቼ፣ በተለይ እንደ እኔ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ አካባቢ የምትኖሩ፣ ያገለገለ ሕያው ድንጋይ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አንብቡልኝ። 300 ዶላር ከስሬአለሁ፤ ይቆጨኛል። ከገንዘቡ ይልቅ የሚያንገበግበኝ ግን ሻጩ በመጨረሻ የሰጠኝ ምክር ነው። ብሰማው ኖሮ መላው ቤተሰቤ ሆስፒታል ሊገባ ይችል ነበር።

አኳሪየሙን ሊዘጋ መሆኑን ከነገረኝ ሰው 40 ፓውንድ ድንጋይ በፓውንድ 7 ዶላር ሒሳብ ገዛሁ። ለማታውቁት፣ ድንጋዩ ራሱ ሕይወት የለውም፤ ኮራል የሚባሉ የባሕር እንስሳት ትተውት የሄዱት የኖራ አጽም ነው። ሕያው ያሰኘው በየቀዳዳው የሚኖረው ባክቴሪያ ነው። ከዓሣው ቆሻሻ የሚወጣውን አሞኒያ መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎ ወደ ናይትሬት ይለውጣል፤ ያ ባይኖር ዓሣው በገዛ ቆሻሻው ይመረዛል። ነገር ግን ባክቴሪያውን ያስጠለለ ቀዳዳ ሸርጣንም፣ ትልም፣ ሌላም ያስጠልላል። ሻጩን ይህንኑ ስጠይቀው «ከተባይ የጸዳ ነው፤ አንድም ነገር የለበትም» አለኝ። እንዲያውም አንዱ ድንጋይ ላይ የነበሩትን ሁለት ቡናማ «የባሕር አበቦች» አሳይቶ፣ ክላውን ዓሦቼ ቤት እንደሚያደርጓቸው ነግሮኝ 20 ዶላር ጨመረብኝ።

አበቦች የተባሉት አይፕታሲያ ናቸው። በዚህ ሥራ ውስጥ ከቆየ ሰው የማይጠፋ፣ ማንም በገንዘቡ የማይገዛው ተባይ ነው። ክላውን ዓሣ የሚጠለልባቸው አኔሞኖች (የባሕር አበቦች) ሌሎች ናቸው። አይፕታሲያን የምትለዩት በቀጭኑ ግንዱ፣ ጫፋቸው በሾለ ረጃጅም ክሮቹና ብርሃን በሚያሳልፍ ቡናማ ቀለሙ ነው፤ እጃችሁን ስታስጠጉ በቅጽበት ተሸብሽቦ ቀዳዳው ውስጥ ይገባል። ክሮቹ አጫጭርና ጫፋቸው ላይ ያበጡ ከሆኑ ማጃኖ የሚባለው ዘመዱ ነው፤ እሱንም አትግዙ። ሁለቱም አጠገባቸው ያለውን ኮራል ይነድፋሉ።

እኔ በቢላዋ ፋቅኋቸው። የሠራሁት ትልቁ ስሕተት ይህ ነበር፤ አይፕታሲያ ድንጋዩ ላይ ከቀረች ቁራጭ እንደገና ይበቅላልና። በሁለት ወር ውስጥ ከሠላሳ በላይ ቆጠርሁ። የሚበጀው ሳይነኩ ማስበላት ነው፤ ፔፐርሚንት ሽሪምፕ ብዙ ጊዜ ይበላዋል፣ በርጊያ የምትባለው ቅርፊት አልባ የባሕር ቀንድ አውጣ ደግሞ ከአይፕታሲያ በቀር ሌላ ምግብ የላትም።

በዚህ መካከል ሌሊት ሌሊት ከገንዳው «ቋ! ቋ!» የሚል ድምፅ ይሰማ ጀመር። ጠዋት የተሰበረ የቀንድ አውጣ ቅርፊት እናገኛለን። አንድ ቀን ልጄ «አባዬ፣ ትንሿ ዓሣ የለችም» አለችኝ። ይህን ድምፅ የሚያሰሙ ሁለት ፍጥረታት አሉ። ፒስቶል ሽሪምፕ ከሆነ አንደኛው መቆንጠጫው ከሌላው እጅግ የገዘፈ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት ስለሌለው ተዉት። ማንቲስ ሽሪምፕ ከሆነ ግን ዓይኖቹ እንደ ዘንግ ወጣ ብለው ለየብቻ ይዞራሉ፣ የፊት እግሮቹ ደረቱ ላይ ታጥፈው ይቀመጣሉ። ፒኮክ ማንቲስ የሚባለው ዝርያ ቡጢውን በሰከንድ እስከ 23 ሜትር በሚደርስ ፍጥነት ይሰነዝራል። ጨለማ የለመዱትን እንዳላስደነግጥ በቀይ መብራት ስፈልግ የእኔው ማንቲስ ነበር። ተቀምጦበት የነበረውን ድንጋይ ወደ ባልዲ አውጥቼ ለየሁት። በባዶ እጅ ግን አትሞክሩት።

ይህ በቤት ውስጥ ገንዳ ብቻ የሚደርስ እንዳይመስላችሁ። በ2009 በእንግሊዝ ኒውኬይ ከተማ ያለ የሕዝብ አኳሪየም፣ ኮራሉን ማን እየቆራረጠ፣ ዓሣዎቹንም ማን እያቆሰለ እንደሆነ ግራ ገብቶት ድንጋዮቹን አንድ በአንድ ቢያነሣ ከአንድ ሜትር በላይ የሚረዝም ትል አግኝቷል። የገባው ገና ትንሽ ሳለ ከድንጋይ ጋር ሳይሆን አይቀርም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሻጩን ደውዬ ገንዘቤን ስጠይቀው «ድንጋዮቹን በትልቅ ድስት ቀቅላቸው፤ ሁሉም ይሞታል» አለኝ። እውነት ለመናገር ድስቱን አውጥቼ ምድጃው ላይ አስቀምጬ ነበር። ያዳነኝ ሦስት ድንጋዮች ላይ ምንጣፍ መስለው የተጣበቁ፣ ቁልፍ የሚያካክሉ ክብ ነገሮች ምንነት ሳላውቅ አልቀቅልም ማለቴ ነው። ዞአንቲድ የሚባሉ የኮራል ዘመዶች ናቸው። ከዞአንቲዶች አንዳንዶቹ ፓሊቶክሲን የሚባል እጅግ ኃይለኛ መርዝ አላቸው፤ የትኛው መርዛም፣ የትኛው ደኅና እንደሆነ በዓይን አይለይም። ስትቀቅሏቸው መርዙ ከእንፋሎቱ ጋር ወደምትተነፍሱት አየር ይገባል። ትኩሳት፣ ሳል፣ የትንፋሽ እጥረት፣ አፍ ውስጥ ብረት ብረት የሚል ጣዕም፣ የጡንቻ ሕመም ያስከትላል። መቀቀል እንኳ ሳያስፈልግ በ2014 በአላስካ አንኮሬጅ ዞአንቲድ ወደ ቤታቸው አኳሪየም የጨመሩ የአንድ ቤተሰብ አባላት ታመዋል፤ የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠርና መከላከል ማዕከል ይህን በ2015 ባወጣው ዘገባ አስፍሮታል። የእኛ አፓርታማ መስኮቱ አንድ ነው፣ ሁለት ልጆች አሉን። እስካሁን ሳስበው ሰውነቴን ይወረኛል።

ስለዚህ ዞአንቲድ ያለበትን ድንጋይ አትቀቅሉ፣ በሙቅ ውሃ አትጠቡ፣ በብሩሽ አትፈትጉ። ስትነኩት ጓንትና የዓይን መከላከያ አድርጉ፤ እጃችሁ ላይ ቁስል ካለ ጭራሽ አትንኩት። እኔ ሦስቱን እርጥብ እንዳሉ በድርብ የፕላስቲክ ከረጢት ጠቅልዬ አስወገድኋቸው።

ልትገዙ ስትሄዱ በምሽት ሂዱ፤ የገንዳው መብራት ጠፍቶ አንድ ሰዓት ያህል ከቆየ በኋላ ድንጋዩን በቀይ ብርሃን ተመልከቱ። ሻጩ ይህን ከከለከለ ተመለሱ። ደኅና ድንጋይ የባሕር ሽታ አለው፤ የበሰበሰ እንቁላል ከሸተታችሁ በውስጡ የሞተ ነገር አለ ማለት ነው። ክፍያችሁን በደረሰኝ አድርጉ። ቤት ስትደርሱ ወደ ገንዳችሁ አትክተቱት፤ ማሞቂያና ፓምፕ ባለው ሌላ ዕቃ ውስጥ ለጥቂት ሳምንታት ለብቻው አቆዩት፣ አሞኒያውን እየለካችሁ። ትዕግሥት የሌለው ሰው ደረቅ ድንጋይ ገዝቶ ባክቴሪያውን ራሱ ቢያራባ ይሻለዋል፤ ያም ቢሆን ሳምንታት ይወስዳል፣ ነገር ግን ያልጠራችሁት እንግዳ አይመጣባችሁም።

ያየነውን ሁሉ እንግደል ማለቴም አይደለም። ሮዝ መልክ ያለው ተራው እሾሃም ትል የተራረፈ ምግብ ይበላል፤ ቀጫጭን ክንዶች ያሉት የባሕር ኮከብም እንዲሁ። በእጅ አትንኳቸው እንጂ ተዉአቸው። ቀይ ወይም ብርቱካናማ ጉንጉን ያለው ባለ ነጭ እሾህ ትል ግን ኮራል የሚበላው ዓይነት ስለሆነ በመቆንጠጫ አውጡት።

ሻጩ ገንዘቤን አልመለሰም። ትናንት እሱ ዘንድ የቀሩትን ድንጋዮች እንደገና ለሽያጭ አውጥቷቸው አየሁ፤ ጽሑፉ ያው «ከተባይ የጸዳ» የሚለው ነው። ፎቶውን አጉልታችሁ ብታዩት በስተግራ ካለው ድንጋይ ሥር አራት አይፕታሲያዎች ክሮቻቸውን ዘርግተው ይታያሉ።