ምስጋና ለሌሊት ተረኞቹ፣ ጥቆማ ልጃቸው ለሚያንኮራፋ ወላጆች

ለጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ሐኪሞች፣ ለሰመመን ባለሙያዎች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ኦፕሬሽን የሆነ ልጅ አልጋ አጠገብ ለሚያድሩት ነርሶች እግዚአብሔር ይስጥልን። «ቶንሲል ማስወጣት ምን አላት!» ይባላል። እውነት ነው፣ ማውጣቱ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሰዓት አይሞላም፤ በአፍ በኩል ስለሚሠራ ከውጭ የሚታይ ቁስልም የለውም። ተኝቶ ትንፋሹ ለሚቆራረጥ ልጅ ግን አስጊው ሰዓት ከዚያ በኋላ ያለው ሌሊት ነው።

ቶንሲሉና ከአፍንጫ ጀርባ ያለው አዴኖይድ የሚባል ሥጋ የገዘፉበት ልጅ፣ ነቅቶ ሳለ የጉሮሮው ጡንቻ መንገዱን ከፍቶ ይይዝለታል። ሲተኛ ጡንቻው ይላላል፣ መንገዱ ይዘጋል። ደረቱ ይታገላል፣ አየር ግን አይገባም። ኦክስጅኑ ሲወርድ ይባንናል፣ ይተነፍሳል፣ ይተኛል፣ ደግሞ ይዘጋል። ማንኮራፋት ብቻውን ይህ ተኝቶ ትንፋሽ የመቆራረጥ በሽታ አይደለም። ማንኮራፋቱ ድንገት ጸጥ ብሎ እንደታፈነ ሰው እየቃተተ ከቀጠለ፣ አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ የሚተኛ ከሆነ፣ ላብ የሚያጠምቀው ከሆነ፣ ሽንቱን መቆጣጠር ከጀመረ በኋላ እንደገና ፍራሽ ካረሰ፣ ቀን ደግሞ የሚቅበጠበጥ ወይም ክብደት የማይጨምር ከሆነ ሐኪም ይየው። በብዛት የሚታየው ከ2 እስከ 8 ዓመት ባሉት ላይ ነው።

እባካችሁ እንጥል አታስቆርጡ። እንጥል መሐል ላይ የተንጠለጠለችው ናት፤ ቶንሲል ግራና ቀኝ ያሉት ናቸው። እሷን መቁረጥ የተዘጋውን አይከፍትም፤ ትርፉ ደም መፍሰስና መመርቀዝ ነው።

ልጁ ተኝቶ ሳለ ትንፋሹንና ኦክስጅኑን የሚለካው የእንቅልፍ ምርመራ መሣሪያ በየቦታው ስለማይገኝ ስልካችሁ ትልቅ ሥራ ይሠራል። ሊነጋጋ ሲል፣ መዘጋቱ በሚብስበት ሰዓት፣ ደረቱን ገልጣችሁ ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ቅረጹት፤ ድምፁም ይግባ። ሐኪሙ ቶንሲሉን ከ1 እስከ 4 ደረጃ ያወጣለታል፤ 4 ማለት ከጉሮሮው ስፋት ሦስት አራተኛውን አልፎ ይዟል ማለት ነው። መጠኑ ብቻውን ግን አይወስንም። በጣት ላይ የሚደረገውን የኦክስጅን መለኪያ በተመለከተም፣ ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ያለች ከተማ ስለሆነች የጤነኛ ልጅ ቁጥር እንኳ ከቆላው ትንሽ ዝቅ ሊል ይችላል። መታየት ያለበት ቁጥሩ እየተደጋገመ መውረዱ ነው።

ከኦፕሬሽኑ በፊት የሚጠየቀውን ሳትደብቁ ተናገሩ፦ ሰሞኑን ጉንፋን ነበረው? የሚነቃነቅ ጥርስ አለው? (አፉን ከፍቶ የሚይዘው ብረት ሊነቅለው፣ ጥርሱም ወደ አየር ቧንቧ ሊገባ ይችላል።) በቤተሰቡ ደም አልቆም የሚለው ሰው አለ? ምግብ 6 ሰዓት፣ የጡት ወተት 4 ሰዓት፣ ንጹሕ ውሃ 2 ሰዓት ሲቀረው ይቁም። አዝናችሁለት «ትንሽ ቅመስ» ካላችሁት በሰመመን ውስጥ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል።

ሌሊቱ ለምን ያሰጋል? ጉሮሮው ከቁስሉ የተነሳ አብጧል፣ ሰመመኑም ገና ሙሉ በሙሉ አልለቀቀውም። ለረጅም ጊዜ ኦክስጅን እየወረደበት የኖረ ልጅ ደግሞ እንደ ሞርፊን ያሉ ማስታገሻዎች በትንሹ እንኳ ትንፋሹን ያዳክሙበታል። ስለዚህ ከ3 ዓመት በታች የሆነ፣ ወይም ተኝቶ ኦክስጅኑ ከ80 በመቶ በታች ይወርድ የነበረ ልጅ ሆስፒታል ማደር አለበት። ኮዴይን የሚባለው ማስታገሻ ፈጽሞ አይሰጠው። ጉበት ኮዴይንን ወደ ሞርፊን ይለውጠዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1996 በኢትዮጵያውያን ላይ በወጣ ጥናት 29 በመቶው ይህን በጣም ፈጥኖ የሚሠራ የዘር ቅጂ ተገኝቶባቸዋል። ይህን ሳያውቁ «ጠንከር ያለ ማስታገሻ ስጡት» ብሎ ነርስ ላይ መቆጣት ተገቢ አይደለም።

ቤት ስትገቡ ፓራሲታሞል በኪሎ 15 ሚሊግራም፣ በየ6 ሰዓቱ፣ በቀን ከ4 ጊዜ ሳይበልጥ። ልጁ 16 ኪሎ ከሆነ 240 ሚሊግራም ነው፤ 5 ሚሊ ሊትሩ 120 ሚሊግራም የያዘ ሽሮፕ ከሆነ 10 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሕመሙን አትጠብቁ፣ በሰዓቱ ስጡት። አስፕሪን አይነካም። ለብ ያለ አጥሚት፣ እርጎ፣ የቀዘቀዘ ሾርባ ጥሩ ነው፤ ቆሎ፣ በርበሬ፣ ሎሚ ይቆዩ። አመመኝ ብሎ መጠጣት ያቆመ ልጅ ጉሮሮው ይደርቅና ሕመሙ ይብስበታል፤ ስለዚህ በማንኪያም ቢሆን አጠጡት። ቁስሉ ላይ የሚታየው ነጭ ነገር መግል አይደለም፣ ቅርፊት ነው። የአፍ ሽታና የጆሮ ሕመምም የተለመዱ ናቸው።

ቅርፊቱ የሚለቀው ከ5ኛው እስከ 10ኛው ቀን ሲሆን ቤት ከገባ በኋላ ደም ሊፈስ የሚችለውም በብዛት ያን ጊዜ ነው። ከደባርቅ ወይም ከመተማ የመጣችሁ ቢቻላችሁ እስከዚያ ከተማው ውስጥ ዘመድ ቤት ቆዩ። ተኝቶ ቶሎ ቶሎ የሚውጥ ከሆነ ባትሪ አብርታችሁ እዩት፤ ደም እየዋጠ ይሆናል። ቀይ ደም ካያችሁ ወደ ፊት ጎንበስ አድርጋችሁ አስቀምጡት፣ ሳይነጋም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።

ኦፕሬሽን ተደርጎለትም ችግሩ ሙሉ በሙሉ የማይለቀው ልጅ አለ። እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣ የአሜሪካ ጥናት፣ ኦፕሬሽን ከተደረገላቸው ከ5 እስከ 9 ዓመት ካሉ ልጆች የ79 በመቶው የእንቅልፍ ምርመራ ተስተካክሏል፤ ሳይሠራላቸው ክትትል ከተደረገላቸው ደግሞ የ46 በመቶው። ወፍራም ልጆችና ዳውን ሲንድረም ያለባቸው ላይ ችግሩ ሊቀር ስለሚችል ቀጠሮውን አትዝለሉ።

የጤና መድን ያላችሁ የሪፈር ወረቀት ከጤና ጣቢያችሁ ይዛችሁ ኑ። ቪዲዮውንም አስቀድማችሁ ወደ ሌላ ሰው ስልክ ላኩት፣ መናኸሪያ ላይ ስልክ ይጠፋል።