አርቲኤል-ኤስዲአር ቪ3፦ ተወርዋሪ ኮከቦችን በራዲዮ ለመቁጠር ለወራት የተጠቀምኩበት መቀበያ

አርቲኤል-ኤስዲአር ብሎግ ቪ3 የተባለችውን፣ በላፕቶፕ ዩኤስቢ ላይ የምትሰካ ትንሽ የራዲዮ መቀበያ የገዛሁት ለአንድ ጉዳይ ብቻ ነው። ተወርዋሪ ኮከቦች ከፍ ባለው የከባቢ አየር ክፍል ሲቃጠሉ የሚፈጥሩትን የራዲዮ ነጸብራቅ፣ ቀንና ሌሊት፣ ደመና ኖረም አልኖረ፣ መመዝገብ ፈልጌ ነበር። የምኖረው በጀርመን ፍራንክፈርት አጠገብ ሲሆን፣ መቀበያዋ ካለፈው ዓመት ሐምሌ አንሥቶ እስከ ዘንድሮው ሰኔ ድረስ፣ ለጥገናና ለቤት ሥራ ከተቋረጠችባቸው ጥቂት ቀናት በስተቀር፣ አገልግሎት ላይ ነበረች። ስለዚህ እዚህ የምጽፈው ስለ ሌሎች ተግባሮቿ ሳይሆን በዚህ አንድ ሥራ ላይ ስላሳየችው ብቃት ነው።

አሠራሩን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ላብራራ። ከአሸዋ ቅንጣት ብዙም የማይበልጥ ጠጠር በሰከንድ በአሥር ኪሎ ሜትሮች በሚቆጠር ፍጥነት ወደ ከባቢ አየር ሲገባ፣ ከ80 እስከ 120 ኪሎ ሜትር ባለው ከፍታ ላይ ተቃጥሎ ከኋላው በነጻ ኤሌክትሮኖች የተሞላ ቀጭንና ረጅም የአየር መስመር ይተዋል። ይህ መስመር ከመበተኑ በፊት፣ ከአድማስ ባሻገር ካለ ማሰራጫ የሚመጣን ሞገድ ወደ ሌላ አቅጣጫ ያንጸባርቃል። እኔ የምጠቀምበት ማሰራጫ ግራቭ የተባለው የፈረንሳይ አየር ኃይል ራዳር ነው። በዲዦን ከተማ አጠገብ የተተከለ፣ ከ2005 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ጀምሮ ሳተላይቶችን ለመከታተል የሚያገለግል ራዳር ሲሆን፣ በ143.050 ሜጋኸርዝ ላይ የማይቋረጥ ሞገድ ወደ ደቡብ ሰማይ ይለቃል። ጨረሩ ከእኔ በተቃራኒ ስለሚሄድ በቀጥታ አይሰማኝም፤ በደቡብ ፈረንሳይ ሰማይ ላይ ተወርዋሪ ኮከብ ሲያልፍ ግን አጭር ፉጨት ሆኖ ይደርሰኛል። መቀበያዬን በ143.049 ሜጋኸርዝ ላይ፣ በላይኛው የጎን ሞገድ ስልት (የሁለቱን ፍሪኩዌንሲዎች ልዩነት ወደሚሰማ ድምፅ በሚቀይረው) ስለማስተካክለው ፉጨቱ 1,000 ኸርዝ ገደማ ላይ ይሰማል።

ከዚህ ተነሥቶ የመቀበያዋን ዋነኛ በጎነት መናገር ይቻላል። ይኸውም በተሰጣት ፍሪኩዌንሲ ላይ ጸንታ መቆየቷ ነው። አምራቹ የሰጠው የትክክለኛነት መጠን ከአንድ ሚሊዮን አንድ እጅ ሲሆን፣ ይህ በ143 ሜጋኸርዝ ላይ ሲሰላ 143 ኸርዝ ያህል ልዩነት ማለት ነው። ለቴሌቪዥን መመልከቻ ተብለው የተሠሩት በጣም ርካሽ መሰል መቀበያዎች በብዙ ኪሎኸርዝ ሊስቱ፣ በሞቁ ቁጥርም ሊንሸራተቱ ይችላሉ። ቁጭ ብሎ ለሚያዳምጥ ሰው ይህ ትንሽ ጉዳይ ነው፤ እጁን ሰንዝሮ ያስተካክለዋል። ሰው በሌለበት ሌሊቱን ሙሉ ለሚቆጥር ሶፍትዌር ግን ሁሉ ነገር ነው፤ ምክንያቱም ስፔክትረም ላብ የተባለው እኔ የምጠቀምበት ፕሮግራም፣ የተወሰነችን ጠባብ የድምፅ ክልል እየጠበቀ፣ በዚያች ክልል ያለው ኃይል ከአካባቢው ጫጫታ በተወሰነ ዲሲቤል (የምልክት ብርታት መለኪያ) ሲበልጥ ብቻ ነውና አንድ ብሎ የሚመዘግበው። በበጋ ሙቀትም ሆነ በጥር ቅዝቃዜ ያቺን ክልል ማንቀሳቀስ ሳያስፈልገኝ ቆይቻለሁ። የብረት ቀፎዋ ሲነኩት ሞቅ ይላል፤ ሙቀቱን ከውስጥ ወደ ውጭ የምታስወጣው በቀፎው በኩል ስለሆነ ይህ ሊያሳስብ አይገባም።

ሁለተኛው ነገር የሚወሰነው በተጠቃሚው ነው። ሶፍትዌሩ ጌይኑን፣ ማለትም መቀበያዋ ምልክቱን የምታጎላበትን መጠን፣ በራሱ ከፍና ዝቅ እንዲያደርግ ከተፈቀደለት፣ የዛሬው ቆጠራ ከነገው ጋር የማይነጻጸር ይሆናል። ጌይኑን በአንድ ደረጃ ላይ አስሬ፣ የመቁጠሪያውንም መነሻ ዲሲቤል እንዲሁ ሳልነካ በማቆየቴ ነው የወራቱ መዝገብ ትርጉም ያገኘው። በበጎ ሌሊት የሚገኝ አንድ ውብ ምስል ማንንም ያስደስታል፤ የዚህ ሥራ ፍሬ ግን ያልተለወጠ ልኬት ነው ብዬ አምናለሁ።

አንቴናን በተመለከተ፣ ከመቀበያዋ ጋር የሚሸጠው የሚመዘዝ ዲፖል (ሁለት ክንድ ያለው ቀላል አንቴና) ከጠበቅሁት በላይ አገልግሎኛል። ለ143 ሜጋኸርዝ እያንዳንዱን ክንድ 50 ሴንቲ ሜትር አካባቢ አድርጎ መምዘዝ ይበቃል። እኔ ወደ ደቡብ በሚያይ በረንዳ ላይ አግድም አስሬዋለሁ። ትልልቆቹን ነጸብራቆች ያለ ችግር ይቀበላል። ደካሞቹን ለመያዝ ግን ሦስት ዘንጎች ያሉት፣ ወደ ደቡብ ምዕራብ ዝቅ ብሎ የሚያነጣጥር ያጊ አንቴና በመስከረም ተክቼበታለሁ፤ የቁጥሩ ጭማሪም ወዲያው ታይቷል። ከዚያ ወዲህ ያለውን መዝገብ ከቀድሞው ጋር አልደምረውም። ከአንድ የኢንተርኔት ሱቅ የገዛሁት የኬብል ማያያዣ በኅዳር ላልቶ ምልክቱን ሲያቆራርጥ ስለነበር በተሻለ ለውጬዋለሁ።

የመቀበያዋ ደካማ ጎን ጠንካራ ጣቢያዎች ባሉበት ከተማ ይገለጣል። ምልክቱን ወደ አኃዝ የምትቀይረው በ8 ቢት፣ ማለትም በ256 ደረጃዎች፣ ብቻ ስለሆነ፣ በጣም ደካማና በጣም ጠንካራ ምልክቶችን በአንድ ጊዜ ማስተናገድ ይቸግራታል፤ በዚህ ፍሪኩዌንሲ ላይም የማይፈለጉ ጣቢያዎችን የሚያግድ የራሷ ጠባብ ማጣሪያ የላትም። በአቅራቢያዬ ያሉ የኤፍኤም ማሰራጫዎች ሲያጨናንቋት ጌይኑን ከፍ ባደረግሁ ቁጥር ሐሰተኛ መስመሮች ይታዩ ነበር። ኤፍኤምን የሚያግድ ትንሽ ማጣሪያ በአንቴናውና በመቀበያዋ መካከል ማስገባት ችግሩን አቃለለው፤ በከተማ የሚኖር ገዢ የዚህን ዋጋ ከመጀመሪያው አብሮ ቢያስብ ይሻለዋል። ከዚህ የሚብሰው የቤት ውስጥ ጫጫታ ነው። የኤልኢዲ መብራት ማስተላለፊያዎችና የስልክ ቻርጀሮች የሚረጩት ጫጫታ ማንኛውንም ውድ መቀበያ ያደነቁራል። ስለሆነም ገንዘብ ያለው ሰው ውድ መቀበያ ከመግዛቱ በፊት አንቴናውን ከቤቱ ግድግዳ ጥቂት ሜትር ማራቅ ይችል እንደሆነ ቢመለከት እመክራለሁ።

አሁን ስላየሁት ልናገር። በየቀኑ፣ ምንም የኮከብ ዝናብ (ተወርዋሪ ኮከቦች በብዛት የሚወርዱበት ወቅት) በሌለበት ጊዜም ቢሆን፣ ቆጠራው ከንጋቱ 12 ሰዓት አካባቢ ከፍ፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት አካባቢ ዝቅ ይላል፤ ምክንያቱም ንጋት ላይ ያለው የምድር ፊት በፀሐይ ዙሪያ ወደምትጓዝበት አቅጣጫ ስለሚዞር ጠጠሮቹን ፊት ለፊት ይገጥማቸዋል። ይህ ከፍታና ዝቅታ በራሴ መዝገብ ላይ ቀን በቀን ሲደጋገም ማየት፣ መሣሪያው እውነቱን እየነገረኝ እንደሆነ ያረጋገጠልኝ የመጀመሪያው ማስረጃ ነበር።

ከሁሉ የበለጠ ያስተማረኝ ግን ታኅሣሥ 4 እና 5 ላይ፣ ማለትም በዲሴምበር 13 እና 14፣ የሚበረታው የጌሚኒድ ዝናብ ነው። ጠጠሮቹ ፌቶን ከተባለው አስትሮይድ የተበተኑ ሲሆኑ፣ በሰከንድ 35 ኪሎ ሜትር ገደማ ይገባሉ። ቆጠራው ከመሸ በኋላ እየጨመረ ሄዶ ከእኩለ ሌሊት በፊት ከፍ አለ፤ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል አካባቢ ግን፣ ዝናቡ የሚመነጭበት የሰማይ ነጥብ ወደ ራስ አናት በተጠጋበትና በዓይን ለሚያይ ሰው ምርጥ በሆነው ሰዓት፣ በግልጽ አሽቆለቆለ፤ ወደ ንጋት ሲጠጋ መልሶ ወጣ። ጠጠሮቹ ከላይ ወደ ታች ቀጥ ብለው ሲወርዱ የሚተዉት መስመር ሞገዱን ወደ እኔ ለማንጸባረቅ የሚያስፈልገውን ማዕዘን አይሰጥም። ስለዚህ የራዲዮ ቆጠራ የዝናቡ ብርታት ብቻ ሳይሆን የማሰራጫው፣ የተቀባዩና የምንጩ አቀማመጥ ውጤት ነው፤ ይህን ያላገናዘበ ሰው ጎድጓዳውን የመሣሪያ ብልሽት ሊያደርገው ይችላል።

በስክሪኑ ላይ አንዳንዶቹን ተጠግቶ ማየት ያስደስታል። ከላይ ጀምሮ በቅጽበት ወደ ታች የሚወርድ ቀጭን ሰያፍ መስመር ይታያል፤ እሱ በራሱ በሚሮጠው ጠጠር ግንባር ላይ ከሚፈጠረው የጋለ አየር የተንጸባረቀው ሲሆን፣ ፍጥነቱ ፍሪኩዌንሲውን ስለሚያዛባው ነው ሰያፍ የሚሆነው። ከዚያ በ1,000 ኸርዝ ላይ ወፍራም ብሩህ መስመር ይከተላል፤ ይህ ደግሞ በነፋስ ብቻ ቀስ ብሎ የሚንቀሳቀሰው ዱካ ነው። ረጃጅሞቹ ነጸብራቆች ራዳሩ ጨረሩን በየተራ ወደተለያየ አቅጣጫ ስለሚያዞር የተቆራረጡ ሆነው ይታያሉ። አውሮፕላኖችና ሳተላይቶችም ቀስ ብለው የሚያጋድሉ መስመሮች ይጥላሉ፤ ሶፍትዌሩ አንዳንዴ እነሱንም ስለሚቆጥር የተቀመጡትን ምስሎች በዓይን መፈተሽ አይቀርም።

የዚህ ፍሪኩዌንሲ ጉድለት የነጸብራቆቹ ማጠር ነው። ደካማ ዱካ የሚቆይበት ጊዜ ከሞገዱ ርዝመት ካሬ ጋር ስለሚመጣጠን፣ ቤልጅየም በዱርብ ከሚገኘው የ49.97 ሜጋኸርዝ ማሰራጫ በሚሰማ ነጸብራቅ አንጻር፣ የግራቭ ነጸብራቅ ስምንት ጊዜ ያህል ያጥራል። ለ50 ሜጋኸርዝ የሚሆን ዲፖል ግን 3 ሜትር ያህል ስለሚረዝም በረንዳዬ አይችለውም። በተጨማሪም ራዳሩ ለጥገና ሲቆም መዝገቡ ባዶ ይሆናል።

ሰኔ ሊገባ ሲል የሚበረታው የቀን አሪየቲድ ዝናብ፣ ምንጩ ከፀሐይ አጠገብ ስለሆነ በዓይን ማየት እጅግ አዳጋች ነው፤ የተገኘውም በ1947 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) በእንግሊዝ ጆድሬል ባንክ የራዲዮ አስትሮኖሚ ማዕከል በራዳር ነበር። በፀሐይ ብርሃን፣ ረፋድ ላይ፣ ቆጠራዬ ከወትሮው በላይ ሲወጣ ማየቴ ለዚህች መቀበያ የከፈልኩትን ሁሉ አስረስቶኛል።

ኢትዮጵያ ሆኖ ይህን መሞከር ለሚፈልግ ሰው ግራቭ አያገለግልም። በ100 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ዱካ ከመሬት የሚታየው እስከ 1,100 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ በማሰራጫውና በተቀባዩ መካከል ያለው ርቀት ቢበዛ ከ2,200 ኪሎ ሜትር ብዙም ሊበልጥ አይችልም። እዚያ የሚያዋጣው በአካባቢው ባዶ በሆነ የኤፍኤም ፍሪኩዌንሲ ላይ፣ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ የሚሠራ ጠንካራ ጣቢያን መጠበቅ ነው፤ ድንገት ብቅ ብሎ የሚጠፋ የንግግር ወይም የሙዚቃ ቁራጭ የነጸብራቅ ምልክት ነው። የዲፖሉን ክንዶች ወደ 75 ሴንቲ ሜትር ማርዘም፣ የኤፍኤም ማገጃውን ማጣሪያም መንቀል ያስፈልጋል። የፐርሴይድ ዝናብ ነሐሴ 6 እና 7 ላይ፣ ከቡሄ አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ፣ ማለትም የክረምቱ ደመና የደጋውን ሰማይ በሸፈነበት ወቅት ነው የሚበረታው፤ ደመናው ደግሞ እነዚህን ሞገዶች አያግዳቸውም።