ድሬ ላይ ኪችን ካቢኔት ልታሰሩ ያሰባችሁ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ይቺን አንብቡ

ጀመዓ ሰላም ናችሁ። ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ነው ምኖረው። ይሄን ምጽፈው ሰሞኑን ሁለት ጎረቤቶቻችን እኛ ያሰራንበት ሰውዬ ጋ ቀብድ ሊከፍሉ መሆኑን ስለሰማሁ ነው፣ ለነሱ ሄጄ ነግሬያቸዋለሁ፣ ለቀረው ደሞ እዚህ ልጻፍ ብዬ ነው። የሰውየውንም የሱቁንም ስም አልጠራም ጉዳያችን ገና አላለቀም፣ ግን እኛ ላይ የተሰራው ነገር በሌላ ሰው እጅ እናንተም ላይ ሊሰራ ይችላል ስለዚ ታግሳችሁ አንብቡት።

አምና እማዬ ከሀረር ጠቅልላ እኛ ጋ መጣች። አሮጌው ኪችን አንድ የሲሚንቶ መደብና አንድ የተዛነፈ ቁምሳጥን ብቻ ነበር፣ እኔና እህቴ ተነጋግረን አፍርሰን አዲስ እናሰራላት አልን። ሰውየው መጣ፣ ለካ፣ በማግስቱ በስልክ የስሪ ዲ ስዕል ላከልን። ነጭ ሚያብረቀርቅ ካቢኔት፣ ጥቁር ግራናይት፣ ከላይኛው ካቢኔት ስር መብራት። እማዬ ስልኩን አስጠግታ እያየች "ይሄ የኛ ቤት ነው?" ስትል እኔ እዛው ጋ አለቀልኝ ወላሂ፣ ከዛ በኋላ ስለ ቦርዱም ስለ ምኑም አልጠየኩም። ጥፋቱ የጀመረው እዛ ነው። ስዕል ላይ ሁሉም እንጨት አንድ ነው፣ ርካሹም ውዱም እኩል ነው ሚያብረቀርቀው።

ዋጋው በሜትር 34 ሺ ብር ነበር፣ ካቢኔቱ ላይና ታች 26 ሺ ድንጋዩ 8 ሺ። ኪችናችን የኤል ቅርፅ ነው፣ አንዱ ግድግዳ 3 ሜትር ከ20 ሌላኛው 2 ሜትር ከ40፣ ሁለቱን ደምሮ 5 ሜትር ከ60 ብሎ 190,400 ብር ጻፈልን። ሜትሩን በአንድ በኩል የያዝኩለት እኔ ነኝ፣ ልክ ነው አልኩ። ልክ አልነበረም። የታችኛው ካቢኔት ወደ ውስጥ 60 ሳንቲም ነው፣ ማእዘኑ ላይ ሁለቱ ሲገናኙ ያቺ 60 ሳንቲም ከዚህኛውም ግድግዳ ከዛኛውም ተቆጥራለች፣ እዛ ጋ ያለው ካቢኔትና ድንጋይ ግን አንድ ነው። በ34 ሺ ስታባዙት 20,400 ብር ይመጣል፣ የላይኛው ጠበብ ስለሚል ትንሽ ቢቀንስም ለሌለ ነገር የተከፈለ ብር ነው። ኤል ወይ ዩ ቅርፅ ያላችሁ ከመስማማታችሁ በፊት "ማእዘኑን እንዴት ነው ምትቆጥረው?" በሉት። ደሞ "በሜትር" ሲሏችሁ ላይና ታች አንድ ላይ ነው ለየብቻ ነው ብላችሁ አስጽፉ፣ አንዳንዱ ስራው ካለቀ በኋላ የላይኛውን ለብቻ ቆጥሮ እጥፍ ይጠይቃል።

አሁን ዋናው ነገር ቦርዱ ነው። የተነጋገርነው 18 ሚሊ ውፍረት ያለው ኤም ዲ ኤፍ ነው፣ ማለት ከደቀቀ የእንጨት ክር ተጨምቆ ሚሰራ ቦርድ፣ እርጥበት ሚችለው። 130 ሺ ብር ቀድመን ከፈልን፣ ሰርቶ አመጣ፣ ገጠመ፣ ቀሪውንም በዛው ቀን ሰጠነው ምክንያቱም በጣም ያምር ነበር። በሶስተኛው ወር የእቃ ማጠቢያው ስር ያለው በር አልዘጋ አለ። ከፍቼ ሳየው ወለሉ እንደ ዳቦ ተነፍቷል፣ ለቧንቧው በተበሳው ቀዳዳ ዙሪያ ደሞ ፍርፋሪ እየረገፈ ነው። ቺፕውድ ነው፣ የእንጨት ፍርፋሪ ተጣብቆ ሚሰራው ቦርድ! በሜትር ለካሁት 16 ሚሊ ነው። ፊት ለፊት ሚታዩት በሮች ብቻ ናቸው ኤም ዲ ኤፍ፣ ሳጥኑ በሙሉ፣ ማለት ክብደቱን ሚሸከመው በሙሉ፣ ቺፕውድ። ከውጭ ነጭ ላሚኔት፣ ማለት ስስ ልባስ፣ ስለለበሰ ማንም አይለየውም። ጠርዙ ደሞ በማሽን አልተለበጠም፣ በእጅ በማስቲሽ ነው የተለጠፈው፣ ውሃው የገባው በሱ ነው። እንደዚ አይነት ቦርድ ፊቱ ላይ ውሃ ቢፈስበት ብዙም ላይሆን ይችላል፣ በተቆረጠው ጠርዝ ከገባ ግን አለቀ፣ አንዴ ካበጠ ቢደርቅም ወደ ቦታው አይመለስም።

ስለዚ የማንንም ስዕል ትታችሁ ቦርዱ ከመቆረጡ በፊት ወርክሾፑ ድረስ ሂዱ። ሙሉው ቦርድ ብዙ ጊዜ 2 ሜትር ከ44 በ1 ሜትር ከ22 ነው፣ ጠርዙን እዩት፣ ኤም ዲ ኤፍ እንደ ካርቶን ጥቅጥቅ ያለ ልስልስ ነው፣ ቺፕውድ የእንጨት ፍርፋሪው በአይን ይታያል። እርጥበት ሚችለውን አብዛኛውን ጊዜ ውስጡን አረንጓዴ ያደርጉታል፣ ግን ቀለም ቀለም ነው፣ በሱ ብቻ አትመኑ። ቁራጭ ስጠኝ በሉትና ቤት ወስዳችሁ ማታ ውሃ ውስጥ ክተቱት፣ ጠዋት አውጥታችሁ ውፍረቱን ለኩት። ቁራጭ አልሰጥም ያለ ሰው ጋ ለምን እንደምትቀጥሉ አላውቅም።

ሌላው እግር ነው። ካቢኔቱ 10 ሳንቲም ገደማ ምትሆን የፕላስቲክ እግር ሊኖረው ይገባል፣ የኛ ግን ሳጥኑ ቀጥታ ሴራሚኩ ላይ ነው የተቀመጠው። አቦ ድሬ ላይ ነን እኮ! በዚህ ሙቀት ወለል በባልዲ ውሃ ነው ሚታጠበው፣ እማዬ በቀን ሁለቴ ትደፋበታለች። ከስር ያለው ሁሉ ውሃ እየጠጣ ከረመ።

ድንጋዩ። ጥቁር ግራናይት ተባልን፣ አንድ ቀን እህቴ ሰላጣ ስትሰራ ግማሽ ሎሚ ድንጋዩ ላይ ትታ ሄደች፣ ስትመለስ የሎሚው ክብ ቅርፅ ደብዝዞ ታትሟል፣ ብትፈትገው አይለቅም። ጎረቤታችን ያሉ አንድ ግንበኛ ጋሼ መጡና አዩት፣ ሎሚ ጠብ አደረጉበትና "ጠጋ ብለህ እየው" አሉኝ፣ ትንንሽ አረፋ ያወጣል። እምነበረድ ነው። እምነበረድ ካልሲየም ካርቦኔት ስለሆነ አሲድ ይበላዋል፣ ሎሚም ኮምጣጤም ቲማቲምም፣ ግራናይትን ግን ሎሚ ምንም አይለውም። እምነበረድ መጥፎ ድንጋይ ነው እያልኩ አይደለም፣ ሳሎን ወለል ላይ ቆንጆ ነው፣ ግን በግራናይት ስም ኪችን ላይ አይሸጥም። ሎሚ በኪሳችሁ ይዛችሁ ሂዱ፣ ከመቆረጡ በፊት ከጀርባው ጠብ አድርጉ።

ምጣዱን ሳስብ ነው በጣም ሚከፋኝ ምክንያቱም ኪችኑን ያሰራነው ለሱ ነበር። ስዕሉ ላይ ምጣድ የለም። ሰውየውም አልጠየቀ እኔም አላልኩ። ምጣድ ሸክላው ብቻ ወደ 60 ሳንቲም ነው፣ ከነማቀፊያው ከዛ ይበልጣል፣ 60 ሳንቲም ድንጋይ ላይ ስታስቀምጡት ወደ ፊት ይወጣል። ድንጋዩ 90 ሳንቲም ከፍታ ላይ ነው፣ ምጣዱ ሲጨመርበት እማዬ ሊጥ ለማዞር ክንዷን ትከሻዋ ድረስ ታነሳለች፣ አጭር ናት፣ አንዴ ክንዷ ተቃጥሎባታል። እንፋሎቱ ደሞ ቀጥታ የላይኛውን ካቢኔት ነው ሚመታው፣ የሱም ጠርዝ ተላጠ። ለምጣድ ዝቅ ያለ፣ ወደ ውስጥ 70 ሳንቲም ሚሆን፣ ከላዩ ካቢኔት የሌለበት፣ መስኮት አጠገብ ያለ ቦታ ከመጀመሪያው አስለኩ። መብራቱንም ለብቻ አስዘርጉ፣ ምጣድ እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል፣ በ220 ቮልት ወደ 18 አምፒር ማለት ነው፣ ተራ ሶኬት 16 ነው ሚችለው። የኛን ከፍሪጁ ጋር በአንድ መስመር አገናኝቶት ሶኬቱ ቀለጠ። 4 ካሬ ሚሊ ሽቦ፣ የራሱ ብሬከር፣ በቃ።

ስንደውልለት "ውሃ አስነክታችሁት ነው" አለ። ኪችን ነው፣ እቃ ማጠቢያው ስር ነው፣ ውሃ እንዴት አይነካውም? ከዛ ስልክ ማንሳት አቆመ። ንግድ ቢሮ ስሄድ የመጀመሪያው ጥያቄ ደረሰኝ አለህ ወይ ነበር። የለኝም። ብሩን በግል አካውንቱ ነው ያስገባሁት፣ "ያለ ደረሰኝ ከሆነ ቫቱን እቀንስልሃለሁ" ብሎኝ፣ እኔም የቀነሰልኝ መስሎኝ። ውል ያልኩት ደሞ አንድ ገፅ ወረቀት ነው፣ "ኪችን ካቢኔት ከነግራናይቱ" ይላል እንጂ ስለ ቦርዱ አይነት አንድም ቃል የለበትም።

ይሄን እወቁ፣ የሸማቾች ጥበቃ አዋጁ 813/2006 ጉድለት ያለበት እቃ ከገዛችሁ በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርላችሁ ወይ ብራችሁ እንዲመለስ መጠየቅ ትችላላችሁ ይላል፣ የኛ ጉድለት የታየው በሶስተኛው ወር ነው። ስለዚ የጋራንቲ ጊዜውን ውሉ ላይ አስጽፉ፣ እኔ አንድ አመት እል ነበር። ስለ ቀብድም ፍትሐብሔር ህጉ ቁጥር 1885 ላይ አለ፣ ቀብድ ሰጪው ውሉን ከተወ ቀብዱን ያጣል፣ ተቀባዩ ከተወ ግን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ይሄን ሲሰማ ፊቱ ሚቀየር ሰራተኛ ካለ ሌላ ፈልጉ። ክፍያውን ደሞ ከፋፍሉት፣ ቀብድ ከ30 ፐርሰንት አይለፍ፣ ሁለተኛውን ቦርዱንና ድንጋዩን በአይናችሁ አይታችሁ፣ የመጨረሻውን ከተገጠመ በኋላ ሁለት ሳምንት እቃ ታጥቦበት፣ ሁለት ሶስት ቀን ተጋግሮበት።

የኔ ጉዳይ ሽምግልና ላይ ነው፣ ጋሼ ግንበኛው አብረውኝ እየሄዱ ነው፣ የቺፕውዱን ፍርፋሪና የሎሚው ምልክት ያለበትን ፎቶ ይዘናል። ቀብድ ከፍላችሁ ገና ያልተቆረጠላችሁ ካላችሁ ግን ነገ ጠዋት አትበሉ፣ ዛሬ ከሰአት ወርክሾፑ ሂዱና ቦርዱን አሳየኝ በሉት።