ልጆቻችንን በመጸው ደጅ አውጥታ ለምታስተምረው ሚስ የቀረበ ምስጋና፣ ለወላጆችም ጥቆማ

ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት ያሉ ልጆቻችንን ቅጠል በሚረግፍበት በመጸው ወቅት ጫካ ወስዳ ተፈጥሮን የምታስተምርልንን ሚስ በአደባባይ ለማመስገን ነው ይህን የምንጽፈው። እግዜር ይስጥልን! ስሟ እንዲወጣ ስለማትወድ እዚህ አንጠቅስም፤ ለሚፈልግ ወላጅ በውስጥ መስመር እንሰጣለን። ውዳሴ ከመደርደር ግን አሠራሯን በዝርዝር ብንናገር ይሻላል፤ እሷን ማግኘት የማይችል ሰው ሌላ ሲመርጥ ምን ማየት እንዳለበት ያውቅበታል።

ሥራዋ የሚጀምረው ገና ሳይነሱ በልብስ ፍተሻ ነው። ከውስጥ የጥጥ ካናቴራ የለበሰ ልጅ ካለ ታስቀይራለች። ጥጥ ላብና ዝናብ ይዞ ስለሚቆይ፣ ልጁ ሩጫውን ባቆመ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ብርድ ይገባዋል። ቆዳ ላይ ስስ የሱፍ ወይም የፖሊስተር ልብስ፣ ከላዩ ሹራብ፣ ከሁሉ በላይ ውሃ የማያስገባ ጃኬትና ሱሪ፤ ይኸው ነው የምትፈልገው። ብዙ ወላጅ ይሞቀዋል ብሎ ሁለት ካልሲ ደራርቦ ቦቲ ያጠልቅለታል። እግር ሲጣበብ ግን ደም እንደ ልብ አይዘዋወርም፣ ሙቀት የሚይዘው አየርም ቦታ ያጣል፤ ልጁ የባሰ ይበርደዋል። አንድ ወፍራም ካልሲና ከጣቶቹ ፊት የአውራ ጣት ስፋት የሚያህል ክፍተት ይበቃል። ቅያሪ ካልሲና ጓንት በፌስታል ተጠቅልሎ ቦርሳ ውስጥ ይገባል። ልጅ በርዶት እንደሆነ ለማወቅ ማጅራቱን ትዳብሳለች። ጣቱ ቢቀዘቅዝ ያለ ነው፤ ማጅራቱ ከቀዘቀዘ ግን ጉዞው እዚያ ያበቃል።

በዝናብ አትሰርዝም፣ በነፋስ ግን ትሰርዛለች። እዚህ ላይ የሚያጉረመርሙ ወላጆች አሉ፤ እኛ ከሷ ጋር ነን። በመጸው መጀመሪያ ዛፉ ቅጠሉን ገና ስላላራገፈ ነፋሱን እንደ ሸራ ይይዛል፣ አፈሩም በዝናብ ከራሰ ሥሩን አጥብቆ አይዝም። ቅርንጫፍ የሚወድቀው እንዲህ ባለ ቀን ነው።

ለአራት ልጅ አንድ አዋቂ ትመድባለች። በትልቅ ሰው እርምጃ አሥር ደቂቃ የሚፈጀውን መንገድ ለአንድ ሰዓት ታቅደዋለች፤ ብዙ አስጎብኚ የሚሳሳተው እዚህ ነው፣ ርቀት ቆጥሮ ይወጣና ልጆቹን ሲጎትት ይውላል። እንደደረሱ የመጫወቻውን ዳርቻ ዛፍ ላይ ቀይ ሪባን አስራ ታሳያቸዋለች። ፊሽካ ሦስት ጊዜ ሲነፋ ሁሉም ወደሷ ይመለሳል፤ ይህንንም ጨዋታው ሳይጀመር ታለማምዳቸዋለች።

የወደቀ ግንድ ስትገለብጥ ማየት ነው። ልጆቹን ከኋላዋ ታቆምና ግንዱን ወደ ራሷ ታንከባልለዋለች። ከሥሩ የተደበቀ ነገር ካለ በወዲያኛው በኩል ያመልጣል፣ እግር ላይ አይመጣም። ከዚያ ማጉያ መነጽር ይዘው እግር ይቆጥራሉ። ስድስት ከሆነ ነፍሳት፣ ስምንት ከሆነ ሸረሪት ወይም የሸረሪት ዘመድ። ሲነኩት እንደ ኳስ የሚጠቀለለው ግራጫ ፍጥረት ደግሞ አሥራ አራት እግር አለው፤ ወገኑ ከሸርጣን ነው፣ ለመተንፈስም እርጥበት ይፈልጋል። ስለዚህ ደረቅ ብልቃጥ ውስጥ ከተው ወደ ቤት ከወሰዱት ይሞታል። አይተው ሲጨርሱ ግንዱ እንደነበረው ይመለሳል። ሳይመልስ የሚሄድ አስተማሪ ካያችሁ ሥራውን አያውቅም።

ስለ ቅጠል ቀለም ለልጆቹ የምትነግራቸው ትክክለኛውን ነው። ቢጫው ቀድሞም ቅጠሉ ውስጥ አለ፤ አረንጓዴው ክሎሮፊል ሲፈርስ ይገለጣል። ቀዩ ግን በአብዛኛው በዚሁ ወቅት አዲስ የሚሠራ ነው፣ ቀኑ ፀሐያማ ሌሊቱ ቀዝቃዛ ሲሆን ይደምቃል።

የለቀሙትን ቅጠል ማድረቅ ላይ ቤት ውስጥ የሚበላሸው ብዙ ነው፣ እሷ የላከችልን መመሪያ ይኸውና። እርጥብ ቅጠል መጽሐፍ ውስጥ አይገባም፤ ይሻግታል ወይም ይጠቁራል። መጀመሪያ በጨርቅ ተጠርጎ ይደርቃል። ከዚያ ሳይነባበር በሁለት ጋዜጣ መካከል ይዘረጋና ከባድ መጽሐፍ ይጫነዋል። በመጀመሪያዎቹ ሦስት አራት ቀናት ጋዜጣው በየቀኑ ይቀየራል፤ ሰው የሚዘለው ይህችን ነው። ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ይደርሳል፣ ወፍራም ቅጠል ይቆያል። ለክሬዮን ሥራ ግን የደረቀ አይሆንም፣ ይፈረካከሳል። አዲስ የወደቀ ቅጠል ጅማቱ ጎልቶ የሚታይበት ጀርባው ወደ ላይ ሆኖ ስስ ወረቀት ሥር ይቀመጣል፣ ክሬዮኑም መጠቅለያው ተልጦ ከወረቀቱ ላይ በጎኑ ይታሻል። በጫፉ ካሻችሁት ወረቀቱ ይቀደዳል።

ለትንንሾቹ የምትመርጠው የፕላስተር አምባር ነው። ሰፊ ፕላስተር የሚጣበቀው ፊቱ ወደ ውጭ ሆኖ በእጅጌ ላይ ላላ ተደርጎ ይጠመጠማል፣ ልጁ የወደደውን ይለጥፍበታል። ቆዳ ላይ ከሆነ ሲነሳ ያማል። ደረቅ የፓይን ጥድ ፍሬም ታስይዛቸዋለች፤ ውሃ ውስጥ ሲቆይ ይዘጋል፣ ሲደርቅ ይከፈታል።

የኦክ ዛፍ ፍሬ ከተለቀመ ውሃ ውስጥ ይጨመራል፤ የሚንሳፈፈው በአብዛኛው ባዶ ወይም በትል የተበላ ነው። ትንሽ ክብ ቀዳዳ ያለው ደግሞ ትሉ ወጥቶ ሄዷል። የሰመጠው ከሁለት እስከ ሦስት ሳንቲ ሜትር ጥልቀት በጎኑ ይተከላል፣ አይጥ እንዳያወጣውም ከላዩ የሽቦ ወንፊት ይደረጋል። ቤት ከሦስት ዓመት በታች ልጅ ካለ ፍሬው ከእጁ ይራቅ፣ ያንቃል።

ቅጠል ከምረው ከመዝለላቸው በፊት ክምሩን በሬክ (ጥርስ ባለው ቅጠል መሰብሰቢያ) ትበትነዋለች፤ እሾህ፣ የተሰበረ ጠርሙስ፣ የውሻ ኩስ ሊኖር ይችላል። መንገድ ዳር ያለ ክምር ፈጽሞ አይነካም፣ ቅጠል ውስጥ ያለን ልጅ ሾፌር አያየውም። እንጉዳይ በዓይን ብቻ፤ ወደ አፍ የሚገባ ነገር የለም። እጅ የሚታጠበው በውሃና በሳሙና ነው፣ ሳኒታይዘር ጭቃ ያለበት እጅ ላይ እምብዛም አይሠራም።

ስትመልሳቸው መዥገር እንድንፈልግ ሳታስታውሰን አትሄድም። ከጆሮ ጀርባ፣ የፀጉር ዳር፣ ብብት፣ ብሽሽት፣ ከጉልበት ጀርባ። ከተገኘ በቀጭን ወረንጦ ከቆዳው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ተይዞ ቀጥ ብሎ ይሳባል፤ አይጠመዘዝም፣ ዘይት ወይም እሳትም አይደረግበትም። ቦታው ይታጠባል። በቀጣዮቹ ሳምንታት ትኩሳት ወይም እየሰፋ የሚሄድ ቅላት ከታየ ሐኪም ጋ ነው።

አንድ ቅሬታ ይፈቀድልን፦ ከልጁ ጋር ቤት የሚገባው ጭቃ ለብቻው ቢመዘን ኪሎ ይወጣዋል።

ሌላ ሰው የምትቀጥሩ ካላችሁ ስለ ልምዱ ዓመታት ከመጠየቅ በፊት ነፋስ ቢነሳ ምን እንደሚያደርግ፣ ልጆቹ እጃቸውን በምን እንደሚታጠቡ፣ ስንት አዋቂ እንደሚመድብ ጠይቁ። ተንተባትቦ ከመለሰ እለፉት። የኛዋን ሚስ ለምትፈልጉ ደግሞ፣ የምትይዘው ልጅ ጥቂት ስለሆነ ቅጠሉ መርገፍ ሳይጀምር ጻፉልን።